በአፍታ ኔት የመጡ ሽማግሌዎች

ሙሉነሽ ማንበብ በተማረችበት በመጀመሪያው ዓመት ያነበበችውን ሁሉ ታምን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲዋሽ የሰማችው በአፉ ነው። ታትሞ፣ በቀለም አሸብርቆ፣ በብረት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሚዋሽ ነገር ይኖራል ብላ በጭራሽ አላሰበችም። ስለዚህ አንድ ቀን ከጎልማሶች ትምህርት ስትመለስ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ማስታወቂያ አየችና መንገዱ መሀል ቆማ ፊደል በፊደል ለቀመችው። «የትም ይሁኑ የት፣ ኢንተርኔት በአፍታ ከቤትዎ! አፍታ ኔት።»

«እናት፣ ክፍሉ ወዲያ ነው! አስፋልት ላይ አይነበብም!» አላት አንድ ወያላ ከሚኒባስ አንገቱን አውጥቶ።

አልሰማችውም። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ሴት ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተር ታቅፋ ትስቃለች። ከጎኗ የቆመች ላም ደግሞ ስክሪኑን አጮልቃ ታያለች። ላሚቱ ራሷ የረካች ደንበኛ ትመስላለች። ሙሉነሽ ላሚቱን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ላም ያገኘችውን እሷ ለምን ታጣለች?

ሙሉነሽ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ጃንጥላና ጧፍ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ጽዮን። ጽዮን አዋላጅ ነርስ ሆና የተመደበችው ዋርዲ በምትባል የቆላ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ መንገድ ላይ አድሮ የሚደርስባት ከተማ። ዋርዲ ላይ ስልክ የሚሠራው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። ሙሉነሽ ደግሞ የልጇን ፊት ካላየች ሐሳብ አያስቀምጣትም። ሰኞ ወባ ያዛት ትላለች፣ ማክሰኞ እባብ ነደፋት፣ ረቡዕ ውሃ ወሰዳት። ሐሙስ ጽዮን ኮረብታ ላይ ወጥታ «እማ፣ ደህና ነኝ» ስትላት «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ብላ እንደገና ትጀምራለች።

እናም በማግስቱ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው የአፍታ ኔት ቢሮ ገባች። መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ነው። የሽያጭ ኃላፊው ኪሮስ ይባላል፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት የነበራቸው የአቶ ካሕሳይ ልጅ። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ ትሑት ልጅ ነው።

«ዋርዲም ይደርሳል?» አለችው።

«እናቴ፣ ጨረቃም ይደርሳል።»

«ጨረቃን ተዋት ልጄ። ዋርዲ።»

«በሚገባ ይደርሳል።»

ዋጋውን ሲነግራት ግን ደነገጠች። የዋርዲው ፒያሳ ካለው እጥፍ ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የፒያሳውን ሩብ አይሞላም።

«ምነው ልጄ፣ እቃው እያነሰ ዋጋው የሚበልጠው?»

«ርቀት አለው እናቴ። የማድረሻ ወጪ አለው።»

«በአይሱዙ ነው እንዴ የምትልኩት?»

ኪሮስ ከልቡ ሳቀ። ስቆም አንድ ሳንቲም አልቀነሰላትም። ውሉ ላይ ዋጋው «ከዚህ ጀምሮ» ይላል፣ ፍጥነቱ «እስከዚህ ድረስ» ይላል። ሙሉነሽ ሁለቱንም ሳትሳሳት በማንበቧ ኮርታ ፈረመች። አንደኛው ወደ ላይ፣ ሌላኛው ወደ ታች ወሰን የሌለው መሆኑን አስተማሪዋ ገና አላደረሰቻቸውም ነበር።

የኢንተርኔቱ ሳጥን ዋርዲ ገባ። በየወሩ የሚከፈልለት ጽዮን ለምትኖርበት ክፍል ከምትከፍለው ኪራይ በለጠ። «እማ፣» አለቻት ጽዮን፣ «እንግዲህ ሳጥኑ ነው ተከራዩ፤ እኔ እሱ ቤት ተጠግቼ ነው የምኖረው።» ሲዘንብ ይጠፋል። ፀሐይ ሲበረታም ይጠፋል። ዳመና ሲሆን ደግሞ ያመነታል። ሙሉነሽ አንድ ሳምንት የልጇን ግንባር ብቻ፣ ሌላ ሳምንት አገጯን ብቻ እያየች ሰነበተች፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያየችው በዓል ቀን ነው።

በየጊዜው ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ እየወረደች ኪሮስን ታዋየዋለች። የኪሮስ መልስ አይለወጥም።

«ከእኛ በኩል ችግር የለም እናቴ። ከሳጥኑ ራቅ ብላ ትሞክር።»

«ራቅ ብላለች።»

«እንግዲያውስ ቀረብ ትበል።»

«አቅፋው ነው የምታወራኝ።»

«አጥፍታ ታብራው። ከእኛ በኩል ችግር የለም።»

ነሐሴ ላይ ጽዮን ለእረፍት መጣችና ራሷ ቢሮው ገባች። ሰው ሁሉ እያያት በኪሮስ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ተናገረች፤ ሳትሳደብ፣ ድምፅዋንም ሳትጨምር፣ አንድ በአንድ። አንዲት ወላድ ደም ሲፈሳት ሐኪም ለማማከር ደውላ ስክሪኑ ላይ ያለው ክብ ሲሽከረከርባት እንደቆየ፣ በመጨረሻ ኮረብታውን በሩጫ እንደወጣች ነገረችው። ኪሮስ ከአፏ ዓይኑን ሳይነቅል ሰማት። ስታበቃ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» አለ። እሷ ከወጣች በኋላ ለጓደኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ስትቆጣ እንዴት ታምራለች!»

መስከረም ሲጠባ ኪሮስ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰማ።

ወሬውን ያመጣው የሙሉነሽ ታላቅ ወንድም ዘርዓብሩክ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ አፍ እሱ ነው። «ሙሉ፣ እግዜር ሰማሽ» አላት። «ልጅቷ ከዚያ በረሃ ትወጣለች። ባል ታገኛለች። ኢንተርኔቱም በነጻ ይሆናል።»

የሙሉነሽም ልብ ሸፈተ። ልጇ ፒያሳ ስትኖር፣ ማታ ማታ እየመጣች ስትጠይቃት ታያት። ያኔ ወባም የለ፣ እባብም የለ። ኮረብታ ላይ ላለችው ጽዮን ስትነግራት ጽዮን «ይምጡ» አለች። «መልሱን ግን እኔ ነኝ የምሰጠው። በራሴ አፍ። ጋሼ ዘርዓብሩክም ቢሆን እንዳይመልስልኝ። ቃል ግቢልኝ፣ እማ።»

«ምን ልትመልሺ ነው?»

«ላንቺ ከነገርኩሽ ለጋሼ ትነግሪዋለሽ። ጋሼ ደግሞ እነሱ ጋ እስኪደርስ ይለውጠዋል።»

እውነቷን ነው። ሙሉነሽ ራሷ ስትዳር «እሺ» ያሉላት አጎቷ ናቸው፤ እሷ ከጓዳ በር ጀርባ ቆማ እጇን በመቀነቷ ስትጠርግ። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ «እሺ» የምትለው ቃል ከሷ አፍ ሳትወጣ ዕድሜ ልክ ኖራበታለች። «ቃሌ ነው» አለቻት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ያመጣቸው ኪሮስ በመኪናው ነው፤ እንደ ወጉ እሱ አልገባም፤ ደጅ መኪናው ውስጥ ቀረ። አፈ ጉባኤው ጋሽ እምሩ ናቸው። ድሮ በመሥሪያ ቤት ንግግር እንዲያደርጉ የሚጠሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚሰማቸው ያጡ ሰው ናቸው። «ተቀመጡ» ቢባሉም «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ሦስቱም ቆሙ።

ልጅቱ በቪዲዮ ትጠየቅ ያለው ኪሮስ ነው። ለአፍታ ኔትም ማስታወቂያ ይሆናል ሳይል አልቀረም። ሙሉነሽ ስልኩን የለስላሳ ጠርሙስ አስደግፋ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ተደወለ፤ ወዲያው የጽዮን ፊት ወጣ። ግንባርና አገጭ አንድ ላይ! ከኋላዋ የክፍሏ መስኮት ይታያል፤ ቢጫ መጋረጃው በነፋስ ይውለበለባል።

«እንደምን አላችሁ፣ አባቶች» አለች ጥርት ባለ ድምፅ።

«ይገርማል! እዚህ ያለች እኮ ነው የምትመስለው!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

እዚህ ላይ ጋሽ እምሩ ቶሎ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያለ ጣጣ ያልቅ ነበር። ግን ሰውየው ስንት ጊዜ ናፍቀውት የነበረ መድረክ ነው። ከመልእክተኛ ጀመሩ፤ ወደ ደብዳቤ ተሻገሩ፤ ስልክ በእጅ እየተሽከረከረ ይደወልበት የነበረውን ዘመን አነሱ፤ ዛሬ ደግሞ ርቀት ጠፍቶ፣ ተራራ ተንዶ፣ ቆላና ደጋ በአንድ ሳሎን እንደተገናኙ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ «ልጄ ጽዮን፣ የአቶ ካሕሳይን ልጅ ኪሮስን ለትዳር ትፈቅጂ እንደሆነ ከአንደበትሽ ልንሰማ መጥተናል» ያሉት።

ጽዮን አንገቷን ደፋች። እንደደፋች ቀረች።

ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረድ ብሏል፣ ፀጉሯ ፊቷን ጋርዶታል።

«አንገቷን ደፋች!» አሉ ጋሽ እምሩ በሹክሹክታ።

«የጨዋ ልጅ መልስ!» አሉ ሁለተኛው።

«እንዲህ ያለች ልጅ ዛሬ ከየት ትገኛለች?» አሉ ሦስተኛው። «እዩአት እስቲ፣ ትከሻዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ትንፋሿንም ዋጥ አድርጋዋለች።»

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ብዙ ቆየች። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥቷ ተደነቁ። ሦስተኛው ጭራሽ እንባቸው መጣ፤ እናታቸው በጋብቻቸው ቀን እንዲህ ነበር አሉ የሆኑት። ዘርዓብሩክ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሶ «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። እኛም ተስማምተናል፣ ተቀመጡ አባቶቼ፣ ይመረቅ» ማለት ጀመረ።

ሙሉነሽ ግን መጋረጃውን ታያለች። ነፋስ ነፍቶት እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ፊት ተወጥሯል፤ አልወረደም። ትጠብቃለች። አይወርድም።

ዝም ብትልስ? አንድ ነገር ባትናገር እኮ ልጇ ፒያሳ ትገባለች። ውሸት አልተናገረችም፤ ማንንም አላስገደደችም፤ ያለቀ ነገር ነው። እጇን በመቀነቷ ስትጠርግ ራሷን አገኘችው።

«ቆይ ጋሼ» አለች ወንድሟን። «መጋረጃው ይውረድ።»

«የምን መጋረጃ?»

«የጽዮን መጋረጃ። ነፋስ ነፍቶት አየር ላይ ቀርቷል። መጋረጃው ይውረድና ያኔ ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተጠግተው አዩ። «ነፋሱም ተስማምቶ ይሆናል» አሉ ጋሽ እምሩ፤ ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። ሙሉነሽ አልሳቀችም።

«ስልኩ ደርቆ፣ ምስሉ ቆሞ ነው። ልጄ አልመለሰችም።»

«ምን ማለትሽ ነው፣ ሙሉ?» አለ ዘርዓብሩክ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው ፊት አታዋርጂን።»

«እንግዲያውስ ባለቤቱ ይጠየቅ። ደጅ አይደል ያለው? ኢንተርኔቱ የእሱ ነው። ኪሮስን ጥሩልኝ።»

ወግ አይደለም ተብሎ ትንሽ ተንሾካሾኩ። ግን ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ ኪሮስ ተጠራ፤ ከረባቱን እያስተካከለ ገባና እጅ ነሳ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» አለችው።

ኪሮስ ስክሪኑን አየ። ያቀረቀረችውን ጽዮንን አየ። የሽማግሌዎቹን የራራ ፊት አየ። ሁኔታው ገባው፤ ጉንጩ ቀላ። አፉ ግን የለመደውን ነው የተናገረው። «ከእኛ በኩል ችግር የለም እናቴ። ኮኔክሽኑ ሙሉ ነው።»

«አላልኩም!» አሉ ጋሽ እምሩ። ዘርዓብሩክ ለእልልታ አፉን ከፈተ፤ የሴት ሥራ መሆኑ ትዝ ብሎት ዘጋው።

«እንግዲህ ችግር ከሌለ ትሰማሃለች» አለች ሙሉነሽ። «ራስህ አናግራት። አመስግናት። ሚስትህ ልትሆን አይደል?»

«አሁን? እዚህ?»

«እነዚህ አባቶችህ ናቸው። እኔም እናትህ ልሆን ነው። ምን ያሳፍርሃል?»

ኪሮስ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ጽዮን... እንደምን ነሽ። እ... በጣም ነው ደስ ያለኝ። ቃል የለኝም።» ጽዮን እንዳቀረቀረች ነች። «ከነሐሴ ጀምሮ በሐሳቤ... እ... ጽዮን?» ጠበቀ። «ጽዮን፣ ትሰሚኛለሽ?» ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳው። «ሃሎ? ሃሎ? ጽዮን?» ወደ መስኮቱ ሄደ። ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ስልኩን ግራና ቀኝ አወዛወዘው። ወንበር ሳበና ወጣበት፤ በዚያ ፊት በሚያሳይ ጫማው። «ሃሎ? እየተሰማሁ ነው? አይ፣ ተቋርጧል እኮ!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩት።

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ እምሩ።

ኪሮስ ከወንበሩ ሳይወርድ ዞረ። «ማለቴ... ከእኛ በኩል አይደለም። በእሷ በኩል ነው።»

«ጥሩ» አለች ሙሉነሽ። «በእሷ በኩል ከሆነ፣ በእሷ በኩል መልስ አልመጣም።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። በር ላይ ሦስተኛው ሽማግሌ ለስልክ ያፈሰሱትን እንባ በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ዘርዓብሩክ ሲወጣ «አንዲቷን ልጅሽን በመጋረጃ አስቀረሻት!» አላትና በሩን ወረወረው።

በማግስቱ ዘርዓብሩክ ሊወቅሳት ሱቋ ድረስ መጥቶ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጽዮን ነች፤ ከኮረብታው። ሙሉነሽ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፈተችው።

«እማ፣ ትናንት ምን ሆናችሁ ጠፋችሁ? ሽማግሌው ገና ስለ ደብዳቤ ሲያወሩ መቆራረጥ ጀመረ፤ ጥያቄያቸውን በግድ ነው የሰማሁት። ከዚያ የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ጎንበስ አልኩ፤ ወዲያው ጠፋ። በነጠላ ጫማ ስመታው ቆይቼ ቀና ስል ማንም የለም።»

ሙሉነሽ ሳቋ አመለጣት። በነጠላ ጫማ! ሦስት ሽማግሌዎች የተደነቁለት ጨዋነት! ሳቁ ሲያልቅ «መልስሽስ?» አለች። «በራስሽ አፍ ስጪን፤ ጋሼም አለ።»

«አልፈልግም።»

ነፋስ ይሰማል፤ ሩቅ የሚያናፋ አህያም ይሰማል። ቃሏ ግን ጠጠር ድስት ላይ እንደወደቀ ነው የተሰማው።

«ሰውየው መጥፎ ነው አላልኩም፣ እማ። ያን ሁሉ ነገር ነግሬው አንድ ቀን እንኳ ‹እውነትሽን ነው› አላለኝም። ነገ ባሌ ሆኖ ያመመኝን ብነግረው ‹ከእኔ በኩል ችግር የለም› ሊለኝ ነው። ደግሞ ሥራዬን ትቼ አልመጣም። እዚህ ሌላ አዋላጅ የለም።»

ሙሉነሽ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ፒያሳ ሆና ማታ ማታ የምትመጣው ልጅ ከሐሳቧ ቀስ ብላ ወጣች። «ሰምቻለሁ» አለች።

«ምን አለች?» አለ ዘርዓብሩክ። «መስመሩ ይቆራረጣል።»

«አልተቆራረጠም ጋሼ።»

«ተቆራርጧል ስልሽ! ነፋስ አለ፣ አህያ አለ። ‹አስብበታለሁ› ያለች መሰለኝ።»

«ጽዮን፣ ለጋሼ ድገሚለት።»

«አልፈልግም፣ ጋሼ!» ብላ ጽዮን ጮኸች። እዚያ ኮረብታ ላይ ስልክ ሊደውሉ የወጡ ሰዎች ሳቅ ተሰማ።

ዘርዓብሩክ ስልኩን ከሙሉነሽ እጅ ወሰደና ከጆሮው አርቆ ያዘው። «ሃሎ? ሃሎ? ይኸው፣ ጠፋች» ብሎ ዘጋው። «አልተሰማም። ሌላ ቀን ይጠየቃል። እስከዚያ ለጋሽ እምሩ ምንም አትበያቸው» አለና ኮቱን አስተካክሎ ወደ ድልድዩ ወረደ።

ሙሉነሽ አንዲት ሴት ጧፍ ጠይቃት ሰጠቻት። የብሩንም መልስ ሰጠቻት። ከዚያ ስልኩን አንስታ ደወለች።

«ጋሽ እምሩ፣ ሙሉነሽ ነኝ። መልስ መጥቷል።»

«ጎሽ! በቪዲዮ ነው?»

«በእግር ነው። ኮረብታ ወጥታ።»

«እና ምን አለች?»

ሙሉነሽ ማር የተቀባ ቃል ፈለገች፤ ፈልጋም ተወችው። ልጇ ያለችውን፣ ከነምክንያቱ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«ጋሽ እምሩ? ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።»